ድመቴን ስልክ ቤት የወሰድኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ጂንካ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም ከልቤ ያልወጣው በድመቷ ብቻ አይደለም። መልኳን አይቼ፣ ስሟን ሰምቼ የማላውቃት አንዲት ሴት በመሃል አለች። ባለቤቴ እልፍነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይኼን ነገር አንድ ቀን ጻፈው፤ ግን ሳትጨምርበት" ትለኝ ነበር። ሳልጨምር ለመጻፍ እሞክራለሁ። ከጨመርኩም ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው ያህል ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጂንካ ሰው ግማሹ የለበሰው የኔን ስፌት ነው፤ ግማሹ ደግሞ "በላቸው፣ ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?" እያለ አሁንም ይጠብቃል። እልፍነሽ አስተማሪ ነበረች። ልጅ አልነበረንም። ድመት ግን ነበረችን።

ስሟ ረዳት ይባላል። እንዲህ የተባለችው ከአርባ ምንጭ ጨው ጭኖ በመጣ መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ተወሽቃ ስለመጣች ነው። ሾፌሩ፣ "እኔ አላውቃትም፤ ሳልቀጥራት ነው የተሳፈረችው" ብሎ ማለ። እልፍነሽ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ የማን እንደሆነ አላከራከረንም፤ የድመቷ ነው።

አይጥ ትይዝ ነበር ብል ስሟን ማሳነስ ይሆንብኛል። የሰፈራችን አይጥ ተሰብስቦ፣ መክሮ፣ ቆላ ወርዶ ወደ ሃና ከተማ ነው የተሰደደው። ያውም በእግሩ፤ ወደ ሃና የሚሄድ መኪና ስለማይገኝ።

ጭን ላይ ወጥታ ሁርርር ማለት ስትጀምር እልፍነሽ፣ "ዳዊቷን ጀመረች" ትላት ነበር። እውነትም የምትደግም ነው የሚመስለው። ትል ትልና ቆም ትላለች፤ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ጊዜ ብቻ እግሯ በር መሃል ተቀርቅሮ በተሰበረ ጊዜ፣ ሳታቋርጥ፣ እንደ መኪና ሞተር ወጥ በሆነ ድምፅ ስታሰማ አደረች። እኔ ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር። እልፍነሽ ሰማቻትና፣ "ይሄ ዳዊት አይደለም፤ እግዚኦታ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ሁለት ዓይነት መሆኑን አወቅሁ፤ መለየቱን ግን ለእልፍነሽ ተውኩላት።

በመስከረም እልፍነሽ ለአንድ ዓመት ሥልጠና አዲስ አበባ ሄደች። አውሮፕላን ሜዳው ድረስ ሸኘኋት። የጂንካን የማያውቅ ካለ፣ ያኔ ሜዳው ከተማው መሃል የተዘረጋ ሣር ነው። አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል። አውሮፕላኑ ሲመጣ ሳይረን ይጮኻል፣ ከብቱ ይባረራል፣ ተሳፋሪው ይወጣል። እልፍነሽም ወጣች። አውሮፕላኑ ተራራውን ተሻግሮ እስኪጠፋ ቆሜ፣ "ጎበዝ፣ ይኼ ነገር ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው" እያልኩ ለሰው ቀልድ አወራሁ። ቤት ስገባ ረዳት በሩ ላይ ተቀምጣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። እዚያ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ።

ያን ዓመት ሁለታችንም አንዲት ሴት ናፍቀን ተቀመጥን። ማታ ማታ ስለ ውሎዋ ለረዳት እነግራታለሁ። ስለ እልፍነሽ ውሎ ማለቴ ነው፤ የማላውቀውን ከራሴ እየፈጠርኩ። "ዛሬ እልፍነሽ ፈተና ነበራት፤ አስተማሪዎቹን ጣለቻቸው" እላታለሁ። ረዳት ታምነኛለች። ከጂንካ ሕዝብ እሷ ብቻ ናት ሁልጊዜ የምታምነኝ።

እልፍነሽ የምትመጣው ለፋሲካ ነው። ረዳት የታመመችው በመጋቢት፣ በሁዳዴ ጾም መካከል ነው።

መጀመሪያ ሆዷ ሲነፋ ያረገዘች መስሎኝ፣ "አያት ልሆን ነው" ብዬ ለሰፈሩ አዋጅ ነገርኩ። ቀናት ሲያልፉ ግን ሆዷ እየገፋ ጀርባዋ እየከሳ ሄደ። ምግብ ተወች። ትንፋሿ አጠረ። እኔም ደምሴን ፍለጋ ወጣሁ።

ደምሴ የከብት ሐኪም ነው። ቆላው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዲ የያዘውን ከብት እየወጋ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሲሄድ ይከርማል። ያን ጊዜም ከአርቦሬ ገና መመለሱ ነበር፤ አቧራው ከቅንድቡ አልወረደም።

"ድመቴ ታማብኛለች" አልኩት።

"የትኛው ከብት ነው ያልከኝ?"

"ከብት አይደለም። ድመት።"

ትክ ብሎ አየኝ። "በላቸው፣ እኔ ዛሬ ደክሞኛል። ቀልዱን ለነገ አቆየው።"

ምዬ፣ ተገዝቼ ይዤው መጣሁ። ድመቷን አያት። ሆዷን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ በቀስታ አስቀመጣትና የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈ።

"ሆዷ ውሃ ቋጥሯል" አለኝ። "ጉበቷ ይሆናል፤ ልቧም ይሆናል። ላድናት አልችልም። ውሃውን በመርፌ መቅዳት ግን እችላለሁ። ይቀላታል፣ ትበላለች። ከዚያ ተመልሶ ይሞላል። እኔም ተመልሼ እቀዳለሁ።"

"ባይቀዳስ?"

"ባይቀዳ ትከብዳለች፣ ትደክማለች፣ ትሄዳለች።" አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። የሚድነውን ማከም፣ የማይድነውን ደግሞ ሥጋው ሳይበላሽ እረዱት ማለት። በሬ ብትሆን መልሱ ቀላል ነበር። አትድንም፣ አትታረድም፤ ለእንደዚህ ያለው ምን እንደሚባል አላስተማሩኝም።"

"ቅዳላት" አልኩ። "ፋሲካ ሩቅ አይደለም። እልፍነሽ መጥታ ታያት ብቻ።"

በጆንያ ጠቅልዬ ያዝኳት። የደምሴ መርፌ ለበሬ የተሠራ ነው፤ ለሷ ጦር ማለት ነው። የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። ግን ውሃው ወጣ፣ ሆዷ ጎደለ፣ በማግስቱ ራሷ ተነስታ ጅራቷን አቁማ መጣች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጎረቤቴ ሰይድ ሥጋ ቤት ሮጬ ጉበት ገዛሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የሰይድ ብቻ ነው ክፍት። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ጉበት ይዤ ስወጣ እታያለሁ። በሳምንት ውስጥ፣ በላቸው ሚስቱ ስትሄድ ጾሙን ፈታ ተባለ። "ለድመቴ ነው" ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። ሰይድ ራሱ ጮክ ብሎ፣ "የድመትህን ጉበት በቃሪያ ነው በደረቁ?" ይለኛል፣ መንገደኛው እንዲሰማ። እሱም እንደኔ ነገረኛ ነው፤ አላህ ይባርከው።

ውሃው ተመልሶ ሞላ። ደምሴ ተመልሶ ቀዳ። በዚያኛው ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ረዳት ከጆንያው ስትፈታ ወደ ስፌት መኪናዬ ኋላ ገብታ ቀረች። ጉበቱን ሳስጠጋላት ያየችው ጉበቱን አይደለም፤ እጄን ነው። እጄን እያየች ወደ ግድግዳው ተለጠፈች። ጭኔ ላይ መውጣት ተወች። በሰፈሩ ሰው ሁሉ ውሸታም ስባል አንድም ቀን አልከፋኝም፤ ያቺ ከእጄ መሸሿ ግን አመመኝ።

ሰማዩም አልረዳኝም። ዝናቡ ያን ሚያዝያ የወረደውን አወራረድ ኖኅ ቢያይ መርከቡን ጂንካ ላይ ባሠራ ነበር። ሜዳው ጭቃ ሆነ። አውሮፕላኑ ይመጣል በተባለበት ቀን አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። መንገዱም በጎርፍ ተቆረጠ። ሳይረኑ ዝም አለ። ከብቶቹ ያለ ሥጋት ሣራቸውን ይግጣሉ። እኔ በየጠዋቱ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሜ ጭቃውን በጫማዬ እየጫንኩ እመለሳለሁ።

ሐሳቤ ለሁለት ተከፈለ። መርፌው ቢቀር እልፍነሽ የምትደርሰው ባዶ ቤት ነው። መርፌው ቢቀጥል ረዳት በየጊዜው በጆንያ ትጠቀለላለች፣ ትጮኻለች፣ እኔን ትፈራለች። ደምሴን "እልፍነሽ እስክትመጣ ብቻ" ስለው፣ "ሜዳው መቼ እንደሚደርቅ ንገረኝና ልንገርህ" አለኝ። ሰይድን ጠየቅኩት። በዚህ ጊዜ አልቀለደም።

"አንተ ምን አገባህ?" አለኝ። "ድመቷ የእልፍነሽ ናት። እሷን ጠይቃት።"

እውነቱን ነው። ለእልፍነሽ የስልክ ጥሪ አስላክሁላት።

የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁትም። ያኔ ስልክ በኪስ አይያዝም። ጥሪ ይላካል፤ የተጠራው ሰው በተባለው ቀንና ሰዓት እዚያ ስልክ ቤት ይቀመጣል፣ አንተ እዚህ ትቀመጣለህ። መስመሩ የሚሠራውም እስከ ቀትር ነው። ከጂንካ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢያገናኙህ የምትሰማው ንፋስ ነው። አርባ ምንጭ ግን ሁለቱንም ወገን አጥርታ ትሰማለች። ስለዚህ የአርባ ምንጯ ስልከኛ መሃል ገብታ የአንተን ቃል ለዚያኛው፣ የዚያኛውን ለአንተ ታቀብላለች። አንድ ነገር ተናግረህ ስትጨርስ "ተቀበይ" ትላለህ።

በቀጠሮው ቀን ረዳትን በቅርጫት ይዤ ሄድኩ። ብቻዋን ትቻት መውጣት አልሆነልኝም። ደግሞ እልፍነሽን አውቃታለሁ፤ በባዶ አፌ አታምነኝም።

ስልክ ቤቱ የበዓል ሰሞን ስለነበር ጢም ብሎ ሞልቷል። የኛው ስልከኛ ጋሽ ታደለ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ቅርጫቱ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ድመት ናት፣ ጋሽ ታደለ።"

"ልትደውል?"

"ባለቤቷን ልታናግር።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳስቅ ደስ አላለኝም።

ተራዬ ሲደርስ ከቀትር በፊት የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ከኔ ቀጥሎ ያለው አንድ ከብት አርቢ የበና ሰው ነበር። ወንድሙ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኝቶበት የሱን ወሬ ሊሰማ ነው የመጣው። ይዞት በሚዞረው ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም ያያል።

ስልኩን አነሳሁ። አንዲት ሴት፣ እንደ መንግሥት ማስታወቂያ የደረቀ ድምፅ ያላት፣ "አርባ ምንጭ ነው" አለችኝ። "ባለቤትህ አዲስ አበባ ላይ ቀርባለች። በአጭሩ ተናገር። ተቀበል።"

"ደህና ነሽ ወይ በያት። ተቀበይ።"

"'ደህና ነኝ፤ ምን ሆናችሁ ነው የጠራኸኝ፤ ልቤ ወለቀ' ትላለች። ተቀበል።"

"ረዳት ታማለች በያት።"

"ረዳት ማን ነው?" አለችኝ ስልከኛዋ በራሷ።

"ድመታችን ናት።"

ስልከኛዋ ቀጥላ በዚያው በደረቀው ድምፅ፣ "'ረዳት ታማለች' ይልሻል" ስትል ሰማኋት። ወደኔ ተመለሰች። "'ቀልድህን ተው' ትላለች። ተቀበል።"

"ቀልድ አይደለም በያት።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ውሃውን፣ መርፌውን፣ ደምሴ ያለውን፣ ከእጄ መሸሿን፣ ሜዳው አለመድረቁን። ስልከኛዋ አንድ በአንድ እየተቀበለች ወደ አዲስ አበባ አሳለፈችው። "'ሲቀዳላት ይቀላታል፤ ግን ትጮኻለች' ይልሻል። 'እጄን ትፈራለች' ይልሻል።" የራሴን ጭንቀት በሰው አፍ ስሰማው አንድም ቀልድ እንደሌለበት ገባኝ።

ከኋላዬ ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱ የቢሮ ጸሐፊ፣ "ለድመት ነው ቀትር የሚደርስብን? ጓዶች፣ ይሄ የሕዝብ ስልክ ነው!" አለ።

የበናው ሰው ቀና አለ። "ምኑ ነው የታመመው?"

"ድመቱ ነው፣ ድመት!" አሉት እየሳቁ።

"እቤቱ ነው ያደገ?"

"እቤቱ ነው።"

"እንግዲያ ከብቱ ነው" አለ፤ ለሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። "ከብቱ ታሞ ሰው ነገር ያሳጥራል እንዴ? ለዚህ ካልተናገረ ለምን ይናገራል? ቀጥሎ እኔ ነኝ። ተዉት።"

የሳቀ አልነበረም። ጸሐፊውም ወደ ተራው ተመለሰ።

ስልከኛዋ መለሰች። "'ዳዊቷን ትደግማለች ወይ?' ትላለች።" ቀጥላም በራሷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ድመቷ ናት እንዴ ዳዊት የምትደግመው?" አለችኝ።

"ሁርርር የምትለውን ነው። ትደግማለች በያት፤ አሁንም እያለች ነው፤ ይዣት መጥቻለሁ።"

"'አሰማኝ' ትላለች።" ከራሷም ጨመረች፦ "ግን እሷ ጋ አይደርስም። እዚህ እኔ ጋ ነው የሚያበቃው።"

"እንግዲያ አንቺ ስሚላት" አልኳት።

ቅርጫቱን ከፈትኩ። ረዳት አልሸሸችም፤ ለመሸሽም አቅም የላትም። የስልኩን መነጋገሪያ ደረቷ ላይ አስጠጋሁ። ጋሽ ታደለ "ፀጥ በሉ!" ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ጣሪያውን ሲደበድብ የነበረው ዝናብ ሳይቀር ያባራ መሰለኝ። ይሄን እንኳ አልጨመርኩም፤ ሰይድም ሰምቷል፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረም።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው አንድ ነገር ይጮኻል። መስመሩ የተበላሸ መሰለኝ። "ሁርርርርርርርር" ይላል። ደግሞ "ሁርርርርርርርርር"። ከዚያ ገባኝ። ስልከኛዋ ናት። ያቺ እንደ ማስታወቂያ የደረቀች ሴት፣ አርባ ምንጭ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ የሥራ ባልደረቦቿ እያዩዋት፣ ለእልፍነሽ ድመታችንን እየሆነችላት ነው።

"'መሃሉ ላይ አታቋርጥም ወይ?' ትላለች" አለችኝ። "ልብ አላልኩም። እባክህ መልሰህ አስጠጋልኝ።"

አስጠጋሁ። ከበፊቱ የረዘመ ጊዜ አዳመጠች።

"አታቋርጥም" ስትል ሰማኋት፤ ለኔ አይደለም፣ ለእልፍነሽ። "እህቴ፣ ወጥ ነው። እንዲህ ነው፤ ሁርርርርርርርርርርርር።"

ከዚያ ለኔ፦ "'እግዚኦታ ነው' ትልሃለች። ይገባሃል?"

"ይገባኛል።"

"ተቀበል"ም አላለችኝም።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ምንም። እያለቀሰች ነው።" ጋሽ ታደለ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሰዓት አመለከተኝ። እሷ ያየችው ይመስል፣ "አትቸኩል፤ ጠብቃት" አለችኝ። በአጭሩ ተናገር ያለችኝ ያችው ሴት ናት።

በመጨረሻ መልእክቱ መጣ። በቁርጥራጭ ነው የመጣው። "'ለእኔ ብለህ እንዳታቆያት' ትላለች። 'መርፌው ይብቃት። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ሹራቤን አንጥፍላት። ብርድ አትወድም። እኔ ባልደርስም...'" ስልከኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "'እኔ ባልደርስም ግድ የለም። ለኔ ስትል መሰቃየት የለባትም።' እንዲህ ነው ያለችው። ተቀበል።"

"እሺ በያት።"

"'እሺ' ይልሻል።" ከዚያ ለኔ፦ "ሌላ መልእክት አለህ?"

ነበረኝ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ መልእክት ብቻ ነበረኝ። ግን በዚያ ዘመን አንድ ጎልማሳ፣ ጺሙን ያበቀለ፣ ከኋላው የከተማው ሕዝብ ጆሮውን አቁሞ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ቆሞ እያየው ለሚስቱ ምን ይላል? ዓይኔ በመስኮቱ ውጭ ባለ ጓሮ ላይ አረፈ።

"ጎመን ዘርቻለሁ በያት" አልኩ።

ያልዘራሁትን ጎመን! ከኋላዬ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ያ የስልከኛዋ ድምፅ፣ ደረቁ፣ ወደ አዲስ አበባ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "'ጎመን ዘርቻለሁ' ይልሻል።" ትንፋሽ ወሰደች። "'ናፈቅሽኝ'ም ይልሻል።"

እኔ አላልኩም! እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአፌ አልወጣም። ስልኩን ይዤ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ላስተባብል ወይስ ላመስግን? ሁለቱንም ሳልወስን መልሱ መጣ።

"'እሱማ አውቃለሁ' ትልሃለች።" አሁን ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበረበት፤ በሽቦ ውስጥም ፈገግታ ይሰማል። "ጨርሻለሁ። ጂንካ፣ ቀጥሎ ማን አለ?"

ቀትር አልፎ ነበር። ጋሽ ታደለ "ተዘግቷል" ሊል አፉን ሲከፍት፣ "ቀጥሎ ማን አለ አልኩህ?" አለችው ጮክ ብላ፤ እኛ ሁላችን ሰማን። የበናው ሰው በርጩማውን ይዞ ተነሳ። ወንድሙ እንደተሻለው የነገረችው እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ መርፌ አልነበረም። ሹራቡን ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር አነጠፍኩ። ወተት በጣቴ አቀምሳታለሁ፤ የፈለገችውን ያህል ትልሳለች፣ ካልፈለገች አላስገድዳትም። ደምሴ ባዶ እጁን መጣ። መርፌ ሳይዝ የታመመ እንስሳ ጋ ተቀምጦ አያውቅምና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ በመጨረሻ ክር ያጠነጥንልኝ ጀመር። በየቀኑ እየመጣ የቀረኝን ክር ሁሉ አጠንጥኖ ጨረሰው። ሰይድ የጉበት ወሬውን ተወና ሲያልፍ በበሩ ብቅ ብሎ "እንዴት አደረች?" ይላል።

አንድ ቀን፣ ለበዓል የታዘዘ ቀሚስ ጠርዝ ስሰፋ፣ እግሬ ላይ አንድ ነገር ነካኝ። ረዳት ናት። ከሹራቡ ተነስታ፣ ያን ከባድ ሆዷን እየጎተተች መጥታለች። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄን አየችው፤ አልሸሸችም። አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኳት። የስፌት መኪናዋን በእግሬ ቀስ ብዬ መርገጥ ቀጠልኩ፤ ንዝረቱን ድሮም ትወደው ነበር። ቀሚሱን ስጨርስ ረዳት አልነበረችም። መቼ እንደሄደች አላወቅሁም። የተኛች መስሎኝ ነበር።

ጓሮ ቀበርኳት። እዚያው አጠገብ፣ ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ፣ ጎመን ዘራሁ።

ሜዳው የደረቀው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ሳይረኑ ጮኸ፣ ከብቱ ተባረረ፣ እኔ ከከብቶቹ ቀድሜ ሮጥኩ። እልፍነሽ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ከስታ ነበር። ጉንጬን ስማ፣ ዓይኔን ዓይኔን እያየች፣ "ጎመኑስ?" አለችኝ።

"ሁለት ጣት ደርሷል።"

"በስልክ ዘርቻለሁ ካልክ ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ። ሁለት ጣት ብቻ?"

"የጂንካ ጎመን ኩሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።"

ሳቀች። እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፤ ሜዳው ላይ ቆመን ከብቶቹ ተመልሰው እስኪከቡን ድረስ።

ያቺን ስልከኛ አግኝቻት አላውቅም። አንድ ጊዜ ለጨርቅ ግዢ አርባ ምንጭ ስሄድ ስልክ ቤቱ በር ድረስ ደረስኩ። ማን ብዬ ልጠይቅ? "እንደ ድመት የምትጮኸዋን ሴት ጥሩልኝ" ልበል? ቆምኩ፣ ለራሴ ሳቅሁ፣ ተመለስኩ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ እገባ ነበር።

ብቻ አንድ ነገር አስጀምራኝ ቀረች። ቃሉ አንዴ በሰው አፍ ከወጣልኝ በኋላ እኔም አልከበደኝም። እልፍነሽ ሥልጠናዋን ጨርሳ ከተመለሰች ወዲያ ገበያ ደርሳ ስትመጣ "ናፈቅሽኝ" እላታለሁ። ከጓሮ ስትገባም እላታለሁ። ደንበኛ ፊት፣ ደምሴ ፊት፣ ሰይድ እየሳቀብኝ እላታለሁ። እሷም ሁልጊዜ፣ እቃዋን እያስቀመጠች፣ ወደኔ ሳታይ፣ "እሱማ አውቃለሁ" ትላለች።

እልፍነሽ ካረፈች ዓመታት ሆኑ። ሕመሟ አጭር ነበር፤ ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው። ሰው ዛሬም ቀልደኛ ይለኛል፤ እኔም አላሳፍራቸውም፤ ሱሪ ሊለኩ መጥተው ሆዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ማታ ሱቁን ስዘጋ ግን፣ ቁልፉን ሳዞር፣ ጮክ ባልልም እላታለሁ። መልሱን ልቤ ያውቀዋል። እኔ ግን አልለውም። እሱ የሷ ነው።